የካፒቴኑ በሬና የኔ ቢላዋ

በዕድሜዬ ብዙ ሰው አስቸግሮኛል፤ እንደ አንድ በሬ ግን ያስቸገረኝ የለም። በሬው የኔ አልነበረም። የመንደሩም አልነበረም። የጣሊያኑ ካፒቴን በሬ ነበር። ጥፋቱ የበሬው ነው ማለቴ አይደለም፤ እሱ ምስኪን ሣሩን ሲግጥ የኖረ ፍጥረት ነው። እንዲያውም የዚያን ቀን እዚያ ከተሰበሰብነው ሁሉ አእምሮው በቦታው የነበረው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ይመር እባላለሁ፤ ወሎዬ ነኝ። አባቴ እስላም፣ እናቴ ክርስቲያን ነበሩ። እኛ አገር ይህ ብርቅ አይደለም። ቤታችን ውስጥ ሁለት ድስት ነበር፤ አባቴ ያረደው በአንዱ፣ አጎቴ ለእናቴ ያረደላት በሌላው ይሠራል። አባቴና እናቴ አንዳቸው የሌላውን ሥጋ አይነኩም፤ እኔ ግን ከሁለቱም እበላ ነበር። ሰው ሲጠይቃቸው "ተዉት፣ ልጅ ነው" ይላሉ። አባቴ ንግድ በሄደበት እናቴ ክርስትና አስነሣችኝ፤ አባቴ ሲመለስ ደግሞ ሶላት አስተማረኝ። በዚህ ተጣልተው አያውቁም። ችግሩ፣ ልጅነቴ መቼ እንደሚያልቅ ሳይወስኑ ሁለቱም በአንድ ክፉ በሽታ ሞቱብኝ።

ጣሊያን አገሩን ከያዘ በኋላ የአንድ ነጋዴ በቅሎዎች እየነዳሁ መተማ ደረስኩ። እዚያ ወባ ጣለኝ። ነጋዴዬ በቅሎዎቹን ይዞ ሱዳን ተሻገረ፤ እኔን ትቶኝ ሄደ፤ በቅሎ ዋጋ ታወጣለች። መንገድ ዳር ወድቄ ያገኙኝ እማማ አስካለ የሚባሉ አሮጊት ናቸው። ልጆቻቸው ጫካ ገብተው ከጣሊያን ጋር ይዋጋሉ። "የኔን ልጆች እዚያ ማን ያነሣቸው ይሆን?" እያሉ እኔን አነሡኝ። አጠጡኝ፣ አስታመሙኝ፣ ልጄ አሉኝ። ከዳንኩ በኋላ ደግሞ ለሰፈሩ ሁሉ፣ "ጎጆዬም የሰሊጥ ማሳዬም ከእንግዲህ የይመር ነው" ብለው ተናገሩ።

መተማን ለማታውቁ፤ ከከተማዋ ዳር በበጋ የሚደርቅ ወንዝ አለ፤ ኸር ይሉታል። ከኸሩ ወዲያ እንግሊዝ፣ ከኸሩ ወዲህ ጣሊያን ነበር። ሁለቱም ባንዲራ ሰቅለው ቀኑን ሙሉ ሲተያዩ ይውላሉ። ካፒቴኑ ድንበሩ ኸሩ ይመስለው ነበር። ሞኝ! እውነተኛው ድንበር ከተማዋ መሃል፣ ከውሃ ጉድጓዱ አጠገብ ነበር። ከጉድጓዱ በላይ ላይ ሰፈር ነው፤ ከደጋ የወረዱ ክርስቲያን ገበሬዎች። ከጉድጓዱ በታች ታች ሰፈር ነው፤ እስላም ነጋዴዎች። ሁለቱ ሰፈሮች ይገበያያሉ፣ ይጠያየቃሉ፣ ለቅሶም ይደራረሳሉ። ሥጋ ሲመጣ ግን ይለያያሉ። አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ በቃ።

በዚህ ላይ ወንድ የሚባል ጠፍቶ ነበር። የላይ ሰፈር ወንዶች ጫካ ናቸው፤ የታች ሰፈር ወንዶች ሱዳን፣ ገዳሪፍ ንግድ ላይ ናቸው። ሴት ደግሞ በልማዳችን አታርድም። ሽንኩርቱ ተቁላልቶ፣ እንግዳው ተቀምጦ፣ ዶሮዋ እግሯን ታስራ እያየች የሚያርድ ወንድ ፍለጋ ይኬዳል። የላይ ሰፈሩ ሽማግሌ ግራዝማች ወልዴ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ፣ ያረዷት ዶሮ ተነሥታ ጎረቤት ገብታለች እየተባለ ይታማ ነበር።

እኔ ከበሽታዬ ተነሥቼ መሄድ በጀመርኩ ሰሞን ሥራ አገኘሁ። ላይ ሰፈር ሲጠሩኝ፣ አጎቴ ሲያርድ እንደሰማሁት በስመ አብ ብዬ አርዳለሁ። አንድ ቀን ጨው ልገዛ ታች ሰፈር ወረድኩ። መዲና የምትባል፣ ባሏ ሱዳን አገር የሞተባት፣ ጨውና ቅመም የምትሸጥ ሴት ከሱቋ ደጅ ቆማ ተጣራች።

"ያ ዞል! አንተ እንግዳው! እጅህ ቢላዋ ይይዛል?"

"ይይዛል።"

"ስምህ ማነው?"

"ይመር። ወሎዬ ነኝ።"

"አብሽር፣ የኛው ነህ" ብላ ዶሮዋን አስጨበጠችኝ።

አልዋሸኋትም። አባቴ እንዳስተማረኝ ቢስሚላሂ ብዬ አረድኩ፤ ወጡ ሲደርስም በላሁ። ላይ ሰፈር "ምንድን ነህ?" ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ ታች ሰፈርም የለም። ሳልጠየቅ ተነሥቼ ብናገር ደግሞ ማን ሊያርድላቸው ነው?

መዲና እየደጋገመች ታስጠራኝ ጀመር። ብቻዋን የምትኖር ሴት ያን ሁሉ ዶሮ ምን ታደርገዋለች ብዬ ለማሰብ ወራት ፈጀብኝ። ሲገባኝ ግን በደንብ ገባኝ። የታች ሰፈሩ ሽማግሌ ሐጂ ኑሩ አንድ ቀን ወደ ጎን ጠርተው፣ "ልጅቷን ብትጠይቅ እምቢ አትልህም" አሉኝ። በደስታ የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ። እማማ አስካለ ቤት ስገባ ግን ደስታዬ በረደ። እናት አግኝቻለሁ፣ ሚስት ላገኝ ነው፤ ሁለቱ ግን ከአንድ ድስት አይበሉም። አንዷን ስይዝ ሌላዋን ላጣ ነው። እኔም እንደ ጨዋ ሰው ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ከረምኩ።

በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ካፒቴኑ ሁለቱን ሽማግሌዎች አስጠራ። ካፒቴኑ ጸጉሩን በቅባት የሚያስተኛ፣ ጫማውን አቧራ ሲነካው እንደ ቆሰለ ሰው የሚጮህ ጎልማሳ ነበር። ቱርጁማኑ የሐማሴን ሰው ነው። ወደ ሮማ የሚላክ ፎቶግራፍ ተፈልጓል፤ ሁለቱ ሰፈሮች በባንዲራው ሥር ከአንድ በሬ ሲበሉ መታየት አለባቸው፤ በሬውን መንግሥት ሰጥቷል ተባሉ።

"ሁለት በሬ ቢሆን አይሻልም ይሆን?" አሉ ግራዝማች።

"ወይም ለነሱ በሬው፣ ለኛ ሁለት ፍየል" አሉ ሐጂ ኑሩ።

ቱርጁማኑ ተረጎመ። ካፒቴኑ ሳቀ።

"ሥጋ ሥጋ ነው ይላል" አለ ቱርጁማኑ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

እምቢ ማለት የሚባል ነገር አልነበረም። ሁለቱ ሽማግሌዎች አንድ ሾላ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ማን ይረድ በሚለው ክርክር ገጠሙ። ረፋዱ አለቀ። ከዚያ ግራዝማች ድንገት የሚያርደውን ሰው ያገኙ መሰለ።

"ያ ወሎዬው ይረድ።"

"ይሁን!" አሉ ሐጂ ኑሩ፣ ግራዝማች አፋቸውን ሳይዘጉ።

ሁለቱም ተሳስቀው ተነሡ። ሁለቱም ሌላውን ያታለሉ መስሏቸዋል። ግራዝማች በልባቸው፣ "ልጁ የኛ ነው፤ እነዚህ ግን የነሱ ይመስላቸዋል" ይላሉ። ሐጂ ኑሩም በልባቸው ይህንኑ ይላሉ። እኔ ማሳ ውስጥ ሰሊጥ እያሰርኩ ነበር፤ ሹመቴን የሰማሁት ካፒቴኑ ከላከው ወታደር፣ ከአስካሪ አፍ ነው።

ባንዲራው ጋ ስደርስ ግራዝማች ክንዴን ይዘው ወደ አጥር ወሰዱኝ።

"ልጄ፣ በስመ አብን በአፍህ ውስጥ በል። እኛ እናውቃለን፤ እነሱ አይስሙ።"

"እሺ፣ አባባ።"

ከአጥሩ ስመለስ ሐጂ ኑሩ በሌላ በኩል ያዙኝ።

"ያ ወለዲ፣ ቢስሚላሂን ዝቅ አድርገህ በል። አላህ ይሰማል። እነዚያ ባይሰሙ ይሻላል።"

"እሺ፣ ሐጂ።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀለለኝ። ማጉረምረም ማን ይከለክለኛል? ከንፈሬን አንቀሳቅሼ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ በሬውን ጥዬ እገላገላለሁ ብዬ አሰብኩ። የሚገርመው፣ እንዲህ የሚያሰላ ጭንቅላት ይዤ ሙሉ ዕድሜዬን ሹም ሳልሆን መቅረቴ ነው።

ሕዝቡ ወጣ። ላይ ሰፈር ከባንዲራው በስተቀኝ፣ ታች ሰፈር በስተግራ ቆመ። እማማ አስካለ ልጃቸው ሊያርድ ነውና ከፊት ተቀመጡ፤ ለክብሩ አዲስ ነጠላ ለብሰዋል። መዲና ከማዶ ከሴቶቹ መሃል ቆማ አየኋት፤ እሷም ዓይኗን ተኩላ ነበር። በሬው ተጠልፎ ወደቀ። ወዲያው ሌላ ጠብ ተነሣ።

"ራሱን ወደ ምሥራቅ!" አለ ላይ ሰፈር።

"ወደ ቂብላ! ወደ ሰሜን!" አለ ታች ሰፈር።

አንዱ ወገን ቀንዱን ይጎትታል፣ ሌላው ጅራቱን ያዞራል። በሬው ሲሽከረከር ቆይቶ ከምሥራቅና ከሰሜን መሃል ላይ ሲደክማቸው ተዉት። የካፒቴኑ ፎቶ አንሺ ፀሐዩ ጠነከረብኝ እያለ ይነጫነጫል። እኔ ቢላዋዬን ይዤ ተንበረከክሁ፣ የአንገቱን ቆዳ ሳብኩ፣ ማጉረምረሜን ጀመርኩ።

"አቁም!" አለ ካፒቴኑ።

ከቱርጁማኑ ጋር ተነጋገሩ። ቱርጁማኑ ላቡ እየወረደ ወደኔ ዞረ።

"ምን እያልክ እንደሆነ ጠየቀኝ። ጸሎት ነው አልኩት። ደስ ይላል አለ። ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለህ በል ይልሃል።"

"ምን?"

"ጮክ ብለህ!"

ግራዝማች አገጫቸውን ቀና አደረጉ፤ የሚሰሙትን ያውቃሉ። ሐጂ ኑሩም ጆሯቸውን ሰጡ፤ እሳቸውም ያውቃሉ። እማማ አስካለን አየሁ። መዲናን አየሁ። አፌን ከፈትኩ። በስመ አብ ብል ያቺ ሴት ከዚህ በኋላ ከሱቋ ደጅ አትጠራኝም። ቢስሚላሂ ብል እኚህ አሮጊት በአዲስ ነጠላቸው ሰው ፊት ይዋረዳሉ። ሁለቱም አልወጡልኝ አሉ። በሬው በአንድ ዓይኑ ያየኛል፤ ቶሎ በል የሚለኝ መሰለኝ።

ቢላዋውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

"አልችልም" አልኩ።

"ምን ሆነሃል አንተ?" አሉ ግራዝማች።

"አባቴ እስላም ነው። እናቴ ክርስቲያን ናት። ሁለቱንም አስተምረውኛል። ከሁለት አንዱን ጮኼ ሌላውን መዋጥ አልችልም።"

መጀመሪያ የገባው ሰው አልነበረም። ከዚያ ከላይ ሰፈር አንዲት ሴት "ወይኔ ዶሮዬ!" ብላ ጮኸች፤ ሰው ሁሉ ነቃ። ግራዝማች ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ የበሏቸውን ዶሮዎች መቁጠር ጀመሩ። ሐጂ ኑሩ በዱላቸው ጠቆሙኝ።

"የኢድ ፍየላችንስ?"

"እሷን በቢስሚላሂ ነው ያረድኳት፣ ሐጂ!"

"የገናው በጋችንስ?" ጮኹ ግራዝማች።

"እሱን በበስመ አብ!"

"አሁን ማን ያምንሃል፣ አንተ እርጉም!" አሉ ሁለቱም ባንድ ጊዜ። ከኋላ ያለው ሰው ድንጋይ ማንሣት ጀመረ። መዲና ፊቷን በሻሿ ስትሸፍን አየኋት። ከድንጋዩ ሁሉ ይልቅ የመታኝ እሱ ነበር።

ካፒቴኑ ምን እንደተባለ አልገባውም፤ ፎቶው እንደዘገየ ብቻ ገብቶታል። ሽጉጡን መዘዘ። እኔን ሊገድለኝ መስሎኝ ሁለቱንም ጸሎት በአንድ ትንፋሽ ደገምኩ፤ የዚያን ጊዜ ሁለቱም ወጡልኝ! እሱ ግን አልፎኝ የበሬውን ግንባር በጥይት አለው። በሬው አንዴ ተንፈራገጠና ቀረ። ካፒቴኑ ሽጉጡን መልሶ፣ እጁን ዘርግቶ፣ እንደ ደግ ጋባዥ ፈገግ አለ።

"ብሉ ይላል" አለ ቱርጁማኑ፣ ድምፁ እየጠፋ።

ሳይታረድ የሞተ በክት ነው። ይህን ላይ ሰፈርም ያውቃል፣ ታች ሰፈርም ያውቃል።

"በክት!" አለ አንዱ።

"በክት ነው!" አለ ሌላው ወገን።

ድንጋዩ ከየእጁ ወደቀ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሳይጠራሩ ከበሬው ፊት ጎን ለጎን ቆሙ።

"ከዚህ የሚቀምስ ክርስቲያን የለም" አሉ ግራዝማች።

"እስላምም የለም። ኸላስ!" አሉ ሐጂ ኑሩ።

ካፒቴኑ ወደ ቱርጁማኑ ጮኸ። ቱርጁማኑ ራሱን ነቀነቀ፤ በኋላ እንደነገረኝ፣ "ጌታዬ፣ እኔም አልበላውም" ነው ያለው። አስካሪዎቹም ዘወር ዘወር አሉ። ፎቶ አንሺው ባዶ እጁን እንዳይመለስ አንድ ጊዜ አነሣ። ሮማ የደረሰ ከሆነ፣ የሚታየው አንድ የሞተ በሬና ጀርባውን የሰጠ ከተማ ነው።

ካፒቴኑ ንዴቱን የተወጣው በኔ ላይ ነው። ከባንዲራው ግንድ አስሮ በጅራፍ አስገረፈኝ። ልዋሻችሁ አልችልም፤ ጀግና አልነበርኩም፤ እናቴን እየጠራሁ አለቀስኩ። ሲፈቱኝ ወዲያና ወዲህ የያዙኝ ሰዎች፣ አንዱ ከላይ ሰፈር፣ አንዱ ከታች ሰፈር ነበሩ። እስከ እማማ አስካለ ቤት ድረስ እያዘኑልኝና እየሰደቡኝ ወሰዱኝ።

እማማ በሆዴ አስተኝተው ጀርባዬን የሰሊጥ ዘይት ይቀቡኝ ጀመር።

"ልሂድ፣ እማማ?"

"በዚህ ጀርባህ ወዴት?"

"ለርስዎ ልነግርዎ ነበር…"

"ምኑን? ወባ ሲያቃጥልህ አይደለም እንዴ የነገርከኝ! አንዴ ማርያምን ትጠራለህ፣ አንዴ ነቢዩን ትጠራለህ። ሰፈሩ እንዳይሰማ በነጠላዬ አፍህን ስሸፍን አድሬያለሁ።"

ቀና ልል ስል ትከሻዬን ይዘው መለሱኝ።

"ታዲያ ለምን አላባረሩኝም?"

"ልጁ እየሞተ! ከሁለቱ የሰማ ይምጣለት አልኩ።"

"ዶሮውንስ እያወቁ ለምን በሉት?"

"ርቦኝ ነበራ!" አሉና አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ።

በዚህ መሃል በሩ ጨለመ። መዲና ነበረች። እማማ ቤት እግሯ ረግጦ አያውቅም፤ ደፉን ሳትሻገር ቆመች።

"አንድ ነገር ንገረኝ። የኔን ዶሮ ስታርድ ቢስሚላሂ ብለሃል?"

"ብያለሁ።"

"ከልብህ?"

"ወላሂ፣ ከልቤ።"

"እዚህ ቤት ስታርድስ? ያኛውን ከአፍህ ብቻ ነው?"

ይኸውላችሁ እንግዲህ። "አዎ፣ ከአፌ ብቻ" ብላት የኔ ነች። የእማማ እጅ ግን ጀርባዬ ላይ ነበር፤ መቀባቱን አቁሟል። አሮጊቷ እስትንፋሳቸውን ይዘው ሲጠብቁ ተሰማኝ።

"እሱንም ከልቤ" አልኩ።

መዲና ዞራ ሄደች። እማማ ዘይቱን እንደገና ይቀቡኝ ጀመር።

ከዚያ ወዲያ ቢላዋዬን የሚጠራ ጠፋ። የመተማ ዶሮዎች ያን ጊዜ የተመቻቸውን ያህል ተመችቷቸው አያውቅም። ግራዝማች ወልዴ አንድ ሁለቴ ሞከሩ፤ ሰፈሩ በደም የተነከረች ዶሮ ሲያባርር ዋለ። እኔ ማሳዬን እያጨድኩ፣ የሚያስፈልገኝን ጨው በሌላ ሰው እያስገዛሁ ሰነበትኩ። ናፍቆት እንዲህ አጥንት የሚያደክም መሆኑን አላውቅም ነበር።

የመጨረሻውን ነዶ አስሬ ቤት ስመለስ መዲና ደጃችን ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ሰፈሩ ከየበሩ አንገቱን አስግጎ ያያታል።

"ብዙ አሰብኩ" አለች። "ሥጋ ተውኩ።"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ከእንግዲህ ቤቴ ሥጋ አይገባም። ሥጋ ከሌለ ማን አረደው፣ ምን ብሎ አረደው የሚል የለም። ሽሮ በማን ስም ተፈጨ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይተህ ታውቃለህ?"

"አላየሁም።"

"እንግዲያው ብታገባኝ ሽሮ ነው የምትበላው። እስክትሞት። አስብበት።"

እኔ፣ የመተማ አራጅ፣ ሁለት ሰፈር ዶሮ ያበላሁ ሰው! አላሰብኩበትም። እሺ አልኳት።

ሐጂ ኑሩ ይህን ጋብቻ አልባርክም አሉ። ግራዝማችም አልባርክም አሉ። ከበሬው ቀጥሎ የተስማሙበት ሁለተኛ ጉዳይ እኔ ሆንኩ። የመረቁን እማማ አስካለ ብቻ ናቸው።

አንባቢዎቼ፣ "ታዲያ አሁን ምንድን ነህ?" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ስትጠይቁኝ የመጀመሪያዎቹ አይደላችሁም። ያን ቀን ከበሬው አጠገብ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ የጠራሁ ጊዜ ከሞት ያወጣኝን እሱን ጠይቁት፤ እኔ አልለየሁትም። እኔ የለየሁት ሌላ ነገር ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው ሁሉ ደስ እንዲለው አጉረምርሜ የምኖር ሰው ነበርኩ፤ ሁለት ቤት እየበላሁ የአንዱም ሰው አልነበርኩም። ጮክ በል የተባልኩ ቀን ተገረፍኩ፣ ተሰደብኩ፣ ሥጋ አጣሁ። ቤት ያገኘሁት ግን የዚያን ቀን ነው። የጥብስ ሽታ ሲያልፈኝ አሁንም ዓይኔ እንባ ያቀርራል፤ አልክድም።

ከሠርጋችን በኋላ እማማ አስካለ በዱላቸው እየተደገፉ ጉድጓዱን አልፈው ታች ሰፈር መዲና ቤት ወረዱ። ከዚያ በፊት እስላም ቤት ገብተው በልተው አያውቁም። መዲና ሽሮውን አቀረበች፤ ከደጅ ቆማ ታያቸዋለች። እማማ ቆረሱ፣ ጠቀሱ፣ አኘኩ። ሁለተኛ ጠቀሱ። ሦስተኛም ጠቀሱ። ከዚያ ቀና ብለው ተቆጡ።

"አንቺ ልጅ፣ ጨው አንሶታል!"

መዲና ጨውዋን ለማምጣት ስትሮጥ እየሳቀች ነበር፤ እንዲህ ብሎ የሚቆጣው አማት ብቻ መሆኑን ታውቃለች።